ለጎንደር ሰፈሮች የትኛው የእሳት አደጋ መኪና ይሻላል?

ባለፈው በጋ ከኛ ቤት አራት አጥር ዝቅ ብሎ አንድ ማድ ቤት ተቃጠለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። ኡኡታ ሰምቼ ስወጣ ቆርቆሮው እየተንጣጣ ነበር። ባልዲ ያለው በባልዲ፣ ጄሪካን ያለው በጄሪካን፣ የልብስ ሳፋ ይዞ የወጣም ነበር። የእሳት አደጋ መኪናው ሲደርስ ሁላችንም እፎይ አልን። መኪናው ግን ከኮብልስቶኑ ጫፍ ማለፍ አልቻለም። በመብራት ምሰሶውና በጎረቤት አጥር መካከል አልገባም አለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ቱቦ እየጎተቱ ሮጡ። ቱቦው ሳይደርስ አለቀ። ሌላ እስኪቀጥሉ ድረስ እሳቱ ከማድ ቤቱ ወደ ዋናው ቤት ጣሪያ ተሻገረ። ሰው አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በሰዎቹ አልፈርድም። ችግሩ መንገዳችን ነው።

በማግስቱ ሜትር ይዤ ወጣሁ። ከምሰሶው እስከ አጥሩ 2 ሜትር ከ30 ነው። ከምሰሶው እስከ ተቃጠለው ማድ ቤት ደግሞ 140 ሜትር።

ከዚያ ወዲህ በዕድራችን ስብሰባ ሁሉ የሚነሳው ይሄ ጉዳይ ሆኗል። የበጎ ፈቃድ የእሳት ቡድን እናቋቁም፣ መኪና እንግዛ፣ ውጭ ያሉ ልጆቻችን ይርዱን እየተባለ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን አብዛኛው ሰው መኪና ሲል የሚታየው ትልቅ ቀይ መኪና ነው። እኔ ደግሞ ለኛ ሰፈር የሚበጀው ትንሹ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳያችሁ። እንደኛ የሚያስብ ሌላ ዕድር ካለ ለእሱም ይጠቅመዋል።

መኪናው ሳይታይ ሰፈሩ ይታይ

ጎንደር ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ የተነደፈው መንገድ ሰፊ ነው፣ ትልቅ መኪና ይዞራል። አዘዞ በኩልም ሜዳ ይበዛል። ከፒያሳ ትንሽ ወጣ ብሎ ወደ ቁልቁለቶቹ ሲገባ ግን ሌላ ነው። አንዱ አጥር ከሌላው ይገናኛል፣ የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ ጣሪያ ተደጋግፎ ቆሟል። ቅዳሜ ገበያ በገበያ ቀንማ ሰውም በግድ ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለኩ። አንደኛ፣ በሰፈራችሁ በጣም ጠባብ የሆነውን ቦታ። ሁለተኛ፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለውን የመብራት ሽቦ ከፍታ። ሽቦውን በዓይን ገምቱት እንጂ እንዳትነኩት። ሦስተኛ፣ መኪና መቆም ከሚችልበት ቦታ እስከ መጨረሻው ቤት ያለውን ርቀት። ይህን ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ የኛን ሌሊት ያበላሸው ግን እሱ ነው።

ከውጭ በእርዳታ የሚመጣ አሮጌ የእሳት መኪና

በስብሰባ ላይ በብዛት የሚጨበጨብለት ይሄኛው ነው። በነጻ ይመጣል፣ ያምራል፣ ሳይረን አለው። ጥሩ ጎኑን አልክድም። ፓምፑ ለእሳት ተብሎ የተሠራ ነው፣ መሰላሉ፣ ቱቦው፣ የመሳሪያ ሳጥኑ ሁሉ በቦታው ነው።

ችግሩ ከወርዱ ይጀምራል። የአውሮፓ የእሳት መኪና ወርዱ ከመስታወቱ ሌላ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል። የኛ ምሰሶ ጋ ሲደርስ አበቃ። ሁለተኛው ችግር ውሃ ነው። የጀርመን የከተማ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ1,200 እስከ 2,000 ሊትር ነው የሚይዙት። የአሜሪካው መስፈርት ለፓምፕ መኪና የሚጠይቀው ትንሹ መጠን 1,100 ሊትር ግድም ነው፣ ፓምፑ ግን በደቂቃ 2,800 ሊትር መግፋት አለበት ይላል። ልዩነቱን አያችሁት? መኪናው የተሠራው መንገድ ዳር ካለ የእሳት ቧንቧ እየተቀዳለት እንዲሠራ ነው። ቧንቧው ከሌለ በሙሉ ኃይሉ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይዘልቅም።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። በአሜሪካ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ የእሳት መኪና ወደ ተጠባባቂነት እንዲወርድ፣ ከ25 ዓመት በላይ የሆነ እንዲተካ ይመከራል። በስጦታ የሚቀርብላችሁ መኪና ብዙ ጊዜ ይህን የጨረሰ ነው። ኪሎ ሜትሩን አይታችሁ አትታለሉ። የእሳት መኪና ብዙ አይሮጥም፣ ቆሞ ነው የሚያረጀው። የጎማውን ጎን እዩ። በመጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2314 ካለ በፈረንጆች 2014 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል። የፓምፑ ማሸጊያ ላስቲክም እንዲሁ ይደርቃል። ላኪው ከመርከብ በፊት ቪዲዮ ይላክ በሉት። ቫልቮላዎቹን ሁሉ ዘግቶ ፓምፑ አየር ይሳብ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ 5 ደቂቃ የመለኪያውን መርፌ ያሳያችሁ። መርፌው ቶሎ ከወረደ ፓምፑ አየር ያስገባል፣ ከወንዝም ሆነ ከጉድጓድ ውሃ አይስብም።

ከእንግሊዝ የሚመጣ ከሆነ መሪው በቀኝ ነው። ጉምሩክና መለዋወጫም አለ። ለአይሱዙ ፍሪስዮን ከፈለጋችሁ ጎንደር ውስጥ ታገኛላችሁ። ለአንድ ብርቅ የፓምፕ ማርሽ ግን መኪናው ወር ሙሉ ሊቆም ይችላል። የአየር ማረፊያ የእሳት መኪና በርካሽ አገኘን የሚሉም አሉ። እሱን ተዉት። አውሮፕላን ሲወድቅ ሜዳ ለሜዳ በ3 ደቂቃ ውስጥ ደርሶ አረፋ እንዲረጭ የተሠራ ግዙፍ መኪና ነው፣ ለቀበሌ መንገድ አይሆንም።

ወደ እሳት መኪና የተቀየረ የውሃ ቦቴ

ይሄ ብልህ ሐሳብ ይመስላል። 8,000 ወይም 10,000 ሊትር ይይዛል፣ አገር ውስጥ አለ፣ ማንም ጋራዥ ያውቀዋል። ግን እዚህ ላይ ልቤ ስለሚፈራ ረዘም አድርጌ ልናገር።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 10,000 ሊትር 10 ቶን ነው፣ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ 10 ቶን አይደለም። ሲታጠፉ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይመጣል። ግማሽ የሆነ ቦቴ ከሙሉው የባሰ ነው፣ ውሃው የሚንቀሳቀስበት ቦታ አለውና። ለዚህ ነው ታንከሩ ውስጥ መከፋፈያ ላሜራ የሚበየደው። ላሜራዎቹ ቀዳዳ አላቸው፣ ውሃው ያልፋል ግን አይጋጭም። በአሜሪካ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ላይ ከባድ የመገልበጥ አደጋ ካደረሱት መኪኖች ቦቴዎች ዋነኞቹ ናቸው። ብዙዎቹ መጀመሪያ ለነዳጅ ወይም ለወተት ተሠርተው በኋላ ለውሃ የተቀየሩ ነበሩ። ነዳጅ ከውሃ ይቀላል። የነዳጅ ታንከርን እስከ አፉ ውሃ ከሞላችሁት ባላስትራውና ፍሬኑ ከታሰበላቸው በላይ ተጭነዋል ማለት ነው።

አሁን ይህን መኪና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ከእንቅልፉ ተነስቶ የመጣ በጎ ፈቃደኛ፣ በጎንደር ቁልቁለት፣ እየቸኮለ ሲነዳው አስቡት።

ቦቴ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ሰፊ መንገድ ላይ ቆሞ ለሌላ መኪና ውሃ ለማቀበል ከሱ የሚሻል የለም። ግን ለዚህ መግዛት አያስፈልግም። በየሰፈሩ ለግንባታ ውሃ የሚያመላልሱ ቦቴዎች አሉ። ከባለቤቶቹ ጋር አስቀድሞ መስማማት፣ የሾፌሩን ስልክ መያዝ፣ ለነዳጁ ዕድሩ እንደሚከፍል መፈራረም ይበቃል።

አይሱዙ ላይ የሚሠራ

አራት ቶን የሚጭን አይሱዙ ላይ 2,500 ሊትር ውሃ፣ ፓምፕና የቱቦ ሳጥን ማስቀመጥ ይቻላል። ከአውሮፓው ይጠብባል፣ መለዋወጫ ሞልቷል፣ ሾፌር አይጠፋም። ሦስት አራት ዕድሮች ተባብረው ቢገዙት መካከለኛና ጥሩ ምርጫ ነው። በሥራ ላይ ፓምፑ በደቂቃ 250 ሊትር ቢረጭ 10 ደቂቃ ይቆያል። በ10 ደቂቃ የአንድ ማድ ቤት እሳት ይጠፋል።

ልብ በሉ የምለው አንድ ነገር ግን አለ። በያጁ "ትንሽ ጨምረን 4,000 እናድርገው" ይላችኋል። እሺ እንዳትሉ። ፓምፑ፣ ታንከሩ ራሱ፣ ሰዎቹና ቱቦው ክብደት አላቸው። ታንከሩ ሲሠራም ሰፋ ያለና ዝቅ ያለ ይሁን፣ ከፍ ያለ ታንከር መኪናውን ያወዛውዛል። የመከፋፈያውን ላሜራ ብየዳ ክዳኑ ሳይዘጋ በባትሪ መብራት ገብታችሁ እዩት።

ፒክአፕ ላይ ሮቶና ፓምፕ

የኔ ምርጫ ይሄ ነው። አንድ ቶን የሚጭን ፒክአፕ፣ ኋላው ላይ በቡሎን የታሰረ 500 ሊትር ታንከር፣ ትንሽ ግን ግፊት ያለው ፓምፕ፣ የሚጠቀለል ቀጭን ቱቦ። ወርዱ 1 ሜትር ከ80 ግድም ነው። በኛ ምሰሶ ጎን ያልፋል።

500 ሊትር ማለት 25 ጄሪካን ነው። ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። በደቂቃ 100 ሊትር በሚረጭ የቱቦ አፍ 5 ደቂቃ ነው የሚሠራው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የደረሰ 25 ጄሪካን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከመጣ ሙሉ ቦቴ ይበልጣል። ማድ ቤት ውስጥ የተነሳ እሳት ጣሪያ ሳይዝ ከደረሳችሁበት 500 ሊትር አይፈጅም።

ሒሳቡን እዚህም አትርሱ። ውሃው 500 ኪሎ፣ ታንከሩ ፓምፑና ቱቦው 200 ኪሎ ግድም፣ ሦስት ሰው 210 ኪሎ። ይሄው 910 ደረሰ። የቀረው ለአካፋ፣ ለመጥረቢያና ለመንጠቆ ነው። ሺህ ሊትር ሮቶ ልጫን የሚል ሰው ፒክአፑን ዳገት ላይ ያስቀረዋል።

ባለ ሦስት እግር የጭነት ባጃጅስ? ዋጋው ይማርካል። ግን 300 ሊትር ጭኖ የኛን ዳገት መውጣቱን እጠራጠራለሁ፣ ሲታጠፍም ይገለበጣል። ቱቦና መሳሪያ ብቻ ያመላልስ ከተባለ እስማማለሁ።

ፓምፑ፣ ከመኪናው በላይ የሚታሰበው ነገር

ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የመስኖ ሞተር ነው። ባለ 3 ኢንች፣ በደቂቃ 1,000 ሊትር ግድም ይተፋል። ሰው ይህን ሲያይ ለእሳት የሚበቃ ይመስለዋል። አይበቃም። ይህ ሞተር ብዙ ውሃ ይገፋል፣ ግፊቱ ግን ትንሽ ነው። ብዙዎቹ ውሃን ወደ ላይ 30 ሜትር ነው የሚያወጡት። ይህ ማለት በግፊት መለኪያ 3 ባር ብቻ ነው።

አሁን የኛን 140 ሜትር እንውሰድ። በ45 ሚሊ ሜትር ቱቦ በደቂቃ 250 ሊትር ስትልኩ 2 ባር ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ውሃው ከቱቦው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ። ቤቱ ከመኪናው በ10 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ሌላ 1 ባር ሄደ። የመስኖው ሞተር 3 ባር እዚህ ላይ አለቀ። አፉ ላይ ውሃው ይንጠባጠባል እንጂ አይወረወርም። ውሃውን እጥፍ ልላክ ብትሉ ደግሞ በመንገድ የሚቀረው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለመርጨት የሚያስፈልገው ቢያንስ 8 ወይም 10 ባር የሚሰጥ የእሳት ፓምፕ ነው። የመስኖው ሞተር ታንከር ለመሙላት ይሁን፣ ለዚያ ሥራ ግሩም ነው።

ሌላው የከፍታችን ጉዳይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ያጣል። ሻጩ የሚያሳያችሁ ወረቀት ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካ ነው። ውሃ መሳብም ይቀንሳል። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ወለል በንድፈ ሐሳብ 10 ሜትር ግድም የሚስበው እዚህ 8 ሜትር ነው፣ በተግባር ደግሞ ከ5 ሜትር ተኩል ካለፈ አትመኑት። ከጥልቅ ጉድጓድ ወይም ከወንዝ አፋፍ ላይ ሆነን እንስባለን ብላችሁ ከማቀዳችሁ በፊት ገመድ አውርዳችሁ ለኩ። ሻጩንም እዚሁ ጎንደር ላይ አስነስተህ አሳየን በሉት።

ውሃው ከየት ይመጣል?

አንገረብ ግድብ ከተማዋን ያጠጣል፣ ግን ውሃው በፈረቃ ነው። ቀሃ ወንዝ በበጋ ይቀጥናል። የፋሲል መዋኛን የሚጠቅስ ሰው አጋጥሞኛል። እሱ ለጥምቀት የሚሞላ ቅርስ ነው፣ ሊቆጠር አይገባም።

አስተማማኙ ውሃ በየግቢው ያለው ነው። ሆቴሎች ትልልቅ ማጠራቀሚያ አላቸው። ላቫጆዎች ውሃም ሞተርም አላቸው። ትምህርት ቤቶችና ግንባታ ቦታዎች ሮቶ አላቸው። እነዚህን በእጅ በተሠራ ካርታ ላይ አስፍሩ፣ ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ በሮቶው ግርጌ ባለ 2 ኢንች መውጫ እንዲያስገቡ ለምኑ፣ ወጪውን ዕድሩ ይቻል። በተራ የግማሽ ኢንች ቧንቧ 500 ሊትር ለመሙላት ወደ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ባለ 3 ኢንች ሞተር ከተገጠመለት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ለዚህ የምታወጡት ብር ከመኪና ላይ ቀይ ቀለም ይበልጥ ቤት ያድናል።

የቱቦ ማያያዣም አለ። ዓይነቱ ብዙ ነው፣ በጥምዝ የሚገባ፣ በጥርስ የሚያያዝ፣ ተጭኖ የሚቆለፍ። ከመግዛታችሁ በፊት ከተማው እሳት አደጋ ሄዳችሁ የነሱን ማያያዣ ፎቶ አንሱ፣ ያንኑ ግዙ። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆሞ ቱቦው አልጋጠም ብሎ መቅረት ያሳዝናል።

መኪናውን ማን ያስነሳዋል?

በጎ ፈቃደኛ እሳት ማጥፋት ለዓለም አዲስ አይደለም። በቺሊ በፈረንጆች ከ1851 ጀምሮ ሲያጠፉ የኖሩት ያለ ደሞዝ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ቫልፓራይሶ በምትባል የወደብ ከተማ ከባድ እሳት ከደረሰ በኋላ ነው የጀመሩት። በጀርመን እሳት አጥፊ ከሚባለው ሰው አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው። እኛም ዕድር አለን። ጥሩምባ ሲነፋ ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ግን እነሱም ዘንድ ያለው ችግር እኛም ጋ ይመጣል። በመጀመሪያው ወር ሠላሳ ሰው ይመዘገባል። በስድስተኛው ወር ለልምምድ የሚመጣው አምስት ነው። ቀን ቀን ጎልማሳው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ለዚህ ነው መኪናው ቀላል ይሁን የምለው። ፒክአፕን ከሰፈሩ ሃያ ሰው ይነዳዋል። ከባድ መኪና የሚነዳ መንጃ ፈቃድ ያለው ሁለት ሰው ቢገኝ፣ አንዱ መተማ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

አንድ የማውቀው ግቢ ውስጥ ለአደጋ ተብሎ የተገዛ መኪና ነበር። እሳት ተነስቶ ሊያስነሱት ሲሉ ባትሪው ሞቷል። ቁልፉን ለማግኘት ራሱ ሩብ ሰዓት ፈጅቷል። መኪናው በየሳምንቱ ይነሳ፣ ፓምፑም ውሃ ይርጭ። ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቹ ደስ የሚል ትርዒትም ነው።

በጎ ፈቃደኞቹን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። የመተንፈሻ መሳሪያ የሌለው ሰው ጭስ ወደሞላው ቤት አይግባ። እርጥብ ነጠላ አፍ ላይ ማሰር ጭሱን ያሳንስ ይሆናል፣ የከሰል ጭስ የሚገድልበትን መርዛማ አየር ግን አያስቀርም። ከውጭ ይርጩ፣ የጎረቤትን ጣሪያ ያርጥቡ። ከመርጨታቸው በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ። የከተማው እሳት አደጋ ሲደርስ አዛዡ እሱ ነው። የተጎዳ ልጅ ቢኖር የሚያሳክመው ማን እንደሆነም መኪና ሳይገዛ በጽሑፍ ይወሰን።

እኔ የምመርጠው

ሰፈራችሁ እንደኛ ጠባብና ዳገታማ ከሆነ ፒክአፑን ያዙ፣ ለመሙያ አንድ የመስኖ ሞተር ጨምሩ፣ ከቦቴ ባለቤቶች ጋር ተስማሙ። መንገዳችሁ ሰፊ ከሆነ፣ ሦስት አራት ዕድርም ከተባበራችሁ፣ አይሱዙው ይሻላችኋል። ከውጭ በስጦታ ትልቅ መኪና ከመጣላችሁ ለከተማው እሳት አደጋ አስተላልፉት። ሰልጣኝ ሠራተኛና ጋራዥ ያለው እሱ ጋ ነው።

ብር እስኪሰበሰብ ድረስ ደግሞ እኛ የጀመርነውን ጀምሩ። ምሰሶው አጠገብ የላሜራ ሳጥን አስበይደን አቁመናል። ውስጡ ባለ 20 ሜትር ቱቦ ሰባት ጥቅል ይቀመጣል፣ ሰባቱ ሲቀጠሉ ልክ 140 ሜትር ናቸው። ማያያዣው ከከተማው መኪና ጋር ይገጥማል፣ ሄደን ሞክረነዋል። አራቱን ጥቅል ገዝተናል፣ ሦስት ይቀራል። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ ጥሩምባ ነፊያችን ጋ ነው፣ ሌላው ጥግ ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ጋ። እሷ ሌሊትም እዚያው ሱቋ ውስጥ ነው የምታድረው።